የቦብ ማርሊ ሕይወትና የአውራ ጣቱ ጥፍር

ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ዳገት አንሥቶ እስከ እንጦጦ ማርያም በተዘረጋው የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ማለዳ ማለዳ የሚሮጡትን ወጣቶች ጫማ አስወልቆ እግራቸውን የተመለከተ ሰው፣ ከእግር ጥፍሮቻቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ጠቁረው ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ ቁልቁል ሲወረድ የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ የአውራ ጣት ጫፍ በየእርምጃው ከጫማው አፍ ጋር ይጋጫል። አንዱ ግጭት ብቻውን ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ ሺሕ ጊዜ ሲደጋገም ግን ከጥፍሩ ሥር ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበጥሳል። በእኛ ሙያ ብረት በተደጋጋሚ ጭነት ይደክማል እንደምንለው መሆኑ ነው። ከዚያው ተራራ የማገዶ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም እግር ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። በየካ አባዶና በአያት የኮንዶሚኒየም ሥራ ላይ የዋለ ሰውም ቢሆን መዶሻ የመታው ወይም ብሎኬት የወደቀበት ጥፍር ምን እንደሚመስል ያውቃል። ለሁሉም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ በልዟል፣ ጊዜው ሲደርስ ወልቆ ሌላ ይበቅላል ይባላል። ይህ መልስ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። እውነት ባልሆነበት ጊዜ ግን ምን እንደሚያስከትል በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ሰዎች የአንዱ ሕይወት ያስረዳናል።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ ረጅም ዘመን ካለፋቸው ታዋቂ ሰዎች የአንዱን ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ የመረጥሁት ጃማይካዊውን ሙዚቀኛ ሮበርት ኔስታ ማርሊን፣ ማለትም ቦብ ማርሊን ነው። በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ ስለ ዘፋኝ ለምን ይጻፋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አንደኛ ነገር ማርሊ እንጀራ ፍለጋውን የጀመረው በብየዳ ሠራተኛነት እንደ ነበረ አስታውሰዋለሁ፤ ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ከታሪኩ ውስጥ ራሱ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. የሚል ከሌለባቸው በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ማርሊ የተወለደው ጥር 29 ቀን 1937 ዓ.ም. በጃማይካ ሴንት አን በሚባለው አውራጃ፣ በኮረብቶች መካከል በምትገኘው ናይን ማይል በተባለች የገጠር መንደር ነው። እናቱ ሴዴላ ማልኮም ጥቁር ጃማይካዊት፣ አባቱ ኖርቫል ማርሊ ነጭና በዕድሜ ከእናቱ እጅግ የገፋ ሰው ነበር። አባቱን እምብዛም ሳያውቀው አደገ። በኋላም እናቱ ይዛው ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ኪንግስተን ስትሄድ፣ ኑሯቸው ትሬንች ታውን በተባለው የድሆች ሰፈር ሆነ። ትምህርቱን እንዳቋረጠ ከአንድ የብየዳ ሥራ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በዚያው ሥራ ቤት ዴዝመንድ ዴከር የሚባል፣ እሱም ኋላ ስሙ የገነነ ወጣት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የብረት ቅንጣት ተፈናጥሮ የማርሊ ዓይን ውስጥ ገባና ሐኪም ዘንድ ሄዶ ወጣለት። የዓይን መከላከያ ሳያደርግ የሚበይድ ሠራተኛ ዛሬም በየሥራ ቦታችን ስለማይታጣ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማርሊን ግን ያ አደጋ ከብየዳው አስወጥቶ ወደ ሙዚቃው ገፋው። የመጀመሪያ ዘፈኑን በሸክላ ያስቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ በዓመቱ ከፒተር ቶሽና ከበኒ ዌይለር ጋር ሆኖ ዌይለርስ የተባለውን ቡድን መሠረተ።

የካቲት 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ሪታ አንደርሰንን አገባና ወዲያው እናቱ ወደምትኖርበት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዴላዌር ግዛት ሄዶ በክራይስለር የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ሠራ። በዚህም ምክንያት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ሲጎበኙ እሱ በአገሩ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱን በዐይኗ ያየችው ሪታ ነበረች፤ ለራስ ተፈሪያን እምነት ልቧን የከፈተላትም ያ ቀን ነው። ባሏም ከአሜሪካ ከተመለሰ በኋላ በዚያው መንገድ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ በዘፈኖቹ ውስጥ የተስፋ ምድር ሆና ኖረች። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ያደረጉትን ንግግር ወስዶ፣ ሐሳቡን ሳይለውጥ ዜማ አልብሶ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም አሰማ። የዲፕሎማቶች ንግግር በየዳንስ ቤቱ ሲዘፈን ምናልባት ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ዝናው እየገነነ በሄደ መጠን የጃማይካ ፖለቲካም ወደ እሱ ቀረበ። ኅዳር 24 ቀን 1969 ዓ.ም. የታጠቁ ሰዎች ቤቱ ገብተው ተኮሱበት፤ እሱ ክንዱና ደረቱ ላይ ሲቆስል ሪታም ተመታች። በሁለተኛው ቀን ቁስሉን እንዳሠረ መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈነ፤ ከዚያም አገሩን ለቅቆ ለንደን ተቀመጠ። ከሙዚቃ ቀጥሎ የሚወደው እግር ኳስን ነበር። በሚሄድበት አገር ሁሉ ኳስ ከሻንጣው አይለይም፤ ትርኢት ባለበት ቀን እንኳ ሜዳ ይፈልጋል። ግንቦት 1969 ዓ.ም. በፓሪስ ከጋዜጠኞች ጋር ሲጫወት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ክፉኛ ተረገጠና ጥፍሩ ተነቀለ። ይኸው ጣት ከዚያ ቀደምም በኳስ ሜዳ ተጎድቶ ነበር ይባላል። እንደ ማንኛውም ተጫዋች ይድናል ብሎ እያነከሰ የአውሮፓ ጉዞውን ፈጸመ። ቁስሉ ግን አልሽር አለ። በሐምሌ ወር ሐኪሞች ከጣቱ ናሙና ወስደው ሲመረምሩ ያገኙት ብልዝ ሳይሆን ሜላኖማ የተባለውን የካንሰር ዓይነት ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት ገታ አድርጎ የነገሩን ጠባይ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር ነው። ብዙ ሰው፣ የተማረው ጭምር፣ የቆዳ ካንሰር ፀሐይ የሚያቃጥላቸው የነጮች በሽታ ነው ብሎ ያምናል። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ መከላከያ እንዳለው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ በማይደርስበት በውስጥ እግር፣ በመዳፍና ከጥፍር ሥር የሚነሣው ዓይነት ከፀሐይ ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ጥቁሩንም ነጩንም አይምርም። እንዲያውም በአፍሪካውያን ላይ ሜላኖማ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ እግር ላይ ነው። ይህ ዓይነት ራሱን የቻለ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976፣ የማርሊ በሽታ ከመታወቁ አንድ ዓመት ብቻ ቀድሞ ነበር። ርግጫው ካንሰሩን አመጣበት ለማለት ማስረጃ የለም። ይልቁንም ርግጫው ካንሰሩን ሸሸገው ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ለጠቆረ ጥፍር የሚበቃ ምክንያት ስላለ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ አይኖርምና።

ታዲያ የበለዘው ጥፍር ከታመመው በምን ይለያል? የአንድ ቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስንጥቁ ቆሟል ወይስ ይንቀሳቀሳል የሚለውን ነው። በስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጥፈን ቀኑን እንጽፍበትና ከወር በኋላ ተመልሰን እናያለን። ጥፍርም የራሱ ሰዓት አለው። የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ግን በወር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሄድ ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። ከጥፍር ሥር የረጋ ደም ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት ይጓዛል። ከኋላው፣ በጥፍሩ ሥር ካለው ቆዳ በኩል፣ ንጹሕ ጥፍር ብቅ ይላል። ስለዚህ ከቆዳው እስከ ጥቁሩ የኋላ ጠርዝ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክቶ መጻፍና ከሁለት ወር በኋላ እንደገና መለካት በቂ ነው፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ፈቅ ካለ ደም የመሆኑ ነገር ይበረታል። ያልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ጭራሽ የሰፋ ጥቁረት ግን ሌላ ታሪክ አለው።

ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጥፍሩ ሥር እስከ ጫፉ ቀጥ ብሎ እንደ ተሰመረ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር ሆኖ ነው። እዚህ ላይ ሳያስፈልግ ሰው እንዳላስደነግጥ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ በጥቁሮች ዘንድ እንዲህ ያለ መስመር በዕድሜ ብዛት በብዙ ሰው ጥፍር ላይ ይወጣል፤ በብዙ ጣቶች ላይ የታየ፣ ቀጭንና ለዓመታት ያልተለወጠ ከሆነ ከተፈጥሮ ነው። ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው በአንድ ጣት ላይ ብቻ፣ በተለይም በእጅ ወይም በእግር አውራ ጣት ላይ አዲስ የወጣ፣ ወርዱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያለፈ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ጫፉ የሚጠብ ወይም በጥቂት ወራት የተለወጠ መስመር ነው። ከሁሉ የሚከፋው ምልክት ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ ሲፈስ ነው። ይህን የተገነዘበው ሀቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1886፣ ማለትም እንጦጦ የምኒልክ መቀመጫ በነበረችበት ወቅት መሆኑን ሳስበው ይገርመኛል። ከዚህም በላይ ቀለም የሌለው፣ የማይድን ቁስል ብቻ መስሎ የሚታይ ሜላኖማም አለ። ደም መሆኑ የታየ ጥፍር እንኳ ካንሰር አብሮት ሊኖር ስለሚችል፣ መለኪያችን ጥርጣሬን ለማስነሣት እንጂ ለመዝጋት አያገለግልም። ቁርጡን የሚናገረው ከጥፍሩ ሥር ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ብቻ ነው።

ጥፍር ስለ ሌላ ካንሰርም የሚናገርበት ጊዜ አለ። የጣቶች ጫፍ እንደ ከበሮ መምቻ ሲያብጥና ጥፍሩ እንደ ሰዓት መስተዋት ሲጎብጥ ከሳንባ ካንሰር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ የልብ፣ የጉበትና የቆየ የሳንባ ሕመምም ይህንኑ ያመጣሉ። ይህ ምልክት ከጥንት ከሂፖክራተስ ጀምሮ የታወቀ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ሻምሮት ደግሞ በራሱ ሕመም ጊዜ የራሱን ጣቶች ተመልክቶ፣ ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው የሚችል ዘዴ አገኘ። የሁለት እጆችን ተመሳሳይ ጣቶች ጥፍር ለጥፍር ሲያጋጥሙ በመካከል ትንሽ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ክፍተት መታየት አለበት፤ ከጠፋ ምርመራ ያስፈልጋል።

ወደ ማርሊ እንመለስ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት፤ እሱ እንቢ አለ። የራስ ተፈሪያን እምነት ሥጋን መቁረጥን ይከለክላል፤ በዚያ ላይ በመድረክ የሚዘልል፣ ኳስም የሚወድ ሰው አውራ ጣቱን ማጣት ቀላል አይሆንለትም። በመጨረሻም ማያሚ ውስጥ ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ሥጋ ብቻ ተነሥቶ ከጭኑ በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነለት። ለአሜሪካ ታስቦ የነበረው ጉዞም ተሰረዘ። ብዙ ጸሐፊዎች እምነቱ ገደለው ብለው ይደመድማሉ። እኔ ፍርዱ የችኮላ ይመስለኛል። በዛሬው ሕክምና ካንሰሩ ገና ስስ ሆኖ ሲገኝ ጣትን ሳይቆርጡ ጥፍሩን ከነሥሩ አንሥቶ ቆዳ መተካት የተለመደ ነው፤ የሚወስነው በሽታው ወደ ውስጥ የዘለቀበት ጥልቀት ነው። በማርሊ ጣት ላይ ጊዜው ምን ያህል እንደ ሄደ ስናስብ፣ ጣቱ ቢቆረጥ ኖሮ ይድን ነበር ብሎ የሚምል ሰው ሊኖር አይገባም። ይልቅ የሚያሳዝነው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት እንደሚተርኩት ለሐኪም ቀጠሮ ብዙ ቦታ አልሰጠም። የተጠገነ ድልድይ እንኳ በየጊዜው ካልታየ ተጠግኗል አይባልም።

ሥጋዬ በምላጭ አይነካ የሚል ሰው ደግሞ በሩቅ ጃማይካ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በእንጦጦ ማርያምና በኪዳነ ምሕረት ጠበል ቦታዎች ስንትና ስንት ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምናን ፈርቶ ይከርማል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ በእንጦጦ የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር ቢወስዱ ነውር እንደሌለበት ማስተማራቸው ብዙ ነፍስ ያተረፈ ይመስለኛል። ለካንሰርም ተመሳሳይ ቃል ቢሰማ መልካም ነበር። ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው የሚጠብቀው ወረፋ ምን ያህል እንደ ነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ማርሊ ጣቱ ከታከመ ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. ሲናፍቃት የኖረችውን ኢትዮጵያን ለማየት መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር፤ አገሪቱ በደርግ እጅ ናት። የቅርብ ወዳጁ አለን ኮል በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ አየር መንገድን የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥን ነበርና ማርሊ አዲስ አበባ ሲገባ ወዳጅ አላጣም። ጃንሆይ ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት በሻሸመኔ መሬት ላይ ከሰፈሩት ወገኖቹ ጋርም ተገናኘ። ጉብኝቱ የጥቂት ቀናት ነበር፤ ትርኢት አላሳየም፣ የተቀበለውም ሕዝብ አልነበረም። የዚያን ጊዜው ወጣት በአብዛኛው ማን እንደ መጣ እንኳ አላወቀም። ሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ዚምባብዌ ነፃነቷን ስታውጅ ግን በሩፋሮ ስታዲየም ተገኝቶ የዘፈነው እሱ ነበር።

መስከረም 11 ቀን 1973 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ከወዳጆቹ ጋር ሲሮጥ በድንገት ወደቀ። ምርመራው ካንሰሩ አንጎሉ፣ ሳንባውና ጉበቱ ውስጥ መግባቱን አሳየ። ከሁለት ቀን በኋላ በፒትስበርግ የመጨረሻ ትርኢቱን አቀረበ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው እንዴት እንደ ዘፈነ ለማሰብ ያስቸግራል። በኒው ዮርክ የጨረር ሕክምና ከተደረገለት በኋላ፣ ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ በጀርመን አገር በባቫሪያ ተራሮች ሥር ከተለመደው ሕክምና የወጣ ዘዴ ወደሚሠራ ዶክተር ኢሰልስ ወደሚባል ሰው ሄደ። በዚያ ብርድ ውስጥ ወራት አሳለፈ፤ የመታወቂያው የነበረው ረጅም የተገመደ ጠጉሩም ረገፈ። ዛሬ ለተስፋፋ ሜላኖማ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነሣሡ መድኃኒቶች አሉ፤ በዚያን ጊዜ አልነበሩም።

ጥቅምት 25 ቀን 1973 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጠመቀ። ያጠመቁት፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን በካሪቢያን ደሴቶች የተከሉት፣ የአድዋው ተወላጅ ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ ናቸው። የክርስትና ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ከጀርመን ወደ ጃማይካ ለመመለስ ሲነሣ ጉልበቱ ከማያሚ አላሳልፍ ብሎት ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በዚያው ሆስፒታል ውስጥ በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ግንቦት 13 ቀን ኪንግስተን ውስጥ መንግሥት ባዘጋጀው ቀብር ላይ አቡነ ይስሐቅ በግእዝና በአማርኛ ጸሎተ ፍትሐቱን አደረሱ፤ አስከሬኑም ከዋና ከተማው በመኪና ተጭኖ ወደ ተወለደባት ኮረብታ ወደ ናይን ማይል ተወሰደና እዚያ ተቀበረ። ሪታ ማርሊ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አጽም በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲያርፍ አዲስ አበባ ተገኝታ ነበር። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ማርሊ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት በሚሞላበት ቀን ደግሞ፣ በ1971 ዓ.ም. ሲመጣ ያላወቀችው ከተማ መስቀል አደባባይን ሞልታ በዘፈኖቹ ስትጨፍር ዋለች።